«ጥላዬ ማታ የት ነው የሚተኛው?»

ውድ አማካሪ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ስከታተል ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ባለትዳርና የአንድ ወንድ ልጅ እናት። ከልጅነቴ ጀምሮ መጠየቅ እወዳለሁ። ሰው አዝኖ ካየሁ ምን እንዳሳዘነው ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁለት ሰዎች በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ከሰማሁ ሥራዬ ላይ ማተኮር ያቅተኛል። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም» ትል ነበር፤ አንዳንዴ እየሳቀች፣ አንዳንዴም ተማርራ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የሠራች ጓደኛ አለችኝ። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ልጄን ስወልድ ከዘመድ ቀድማ የደረሰችልኝ እሷ ናት። ከሰባት ወር በፊት አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስድስት ሆነን ተቀምጠን ስንጫወት ዓይኔ ጣቷ ላይ አረፈ። የጋብቻ ቀለበቷ የለም፤ ፈዛዛ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል። ሳላስበው «ውይ፣ ቀለበትሽስ?» አልኳት። ጨዋታው ቀጥ አለ። ቀኝ እጇን ግራ እጇ ላይ ደርባ «አውልቄው ነው» አለችኝና ተነስታ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ በመካከላችን ሰላምታ ብቻ ነው ያለው። በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛዋን ወደ ሌላኛው ጥግ አዛወረች።

በጣም አፈርኩ። ዳግመኛ የማንንም ጉዳይ እንዳልጠይቅ ለራሴ ማልኩ፤ ቃሌንም ጠብቄያለሁ። አሁን ሰው «አሞኛል» ቢለኝ እንኳ «ይማርህ» ብዬ አልፋለሁ እንጂ «ምንህን?» አልልም። ባልደረቦቼ «ሰከንሽ» ይሉኛል። ባለቤቴ ግን «ምነው ቤቱ ጭር አለ?» ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄው ከአፌ ጠፋ እንጂ ከሆዴ አልወጣም። ማታ ሁሉም ሲተኛ የጓደኛዬን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ እከፍታለሁ። ከባሏ ጋር የተነሳቻቸው ፎቶዎች አሁንም አሉ ወይስ ጠፍተዋል እያልኩ አንድ በአንድ አያለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ስልኳን የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣ ስትል መልእክት ገብቶ ስክሪኑ በራ፤ አንገቴን አስግጌ ለማንበብ ሞከርኩ። ማንም አላየኝም። ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

ለመጻፍ ያስገደደኝ ልጄ ነው። አምስት ዓመቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ «ለምን?» እንዳለ ይውላል። ባለፈው ሳምንት ላስተኛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ «እማዬ፣ ጥላዬ ማታ የት ነው የሚተኛው?» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። «ሁሉ ነገር አይጠየቅም! ዝም ብለህ ተኛ!» ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ ማታ በክፍሉ በኩል ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሹክሹክታ ሰማሁ። ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላውን ያናግራል። «ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ እማዬ እንዳትሰማን» ይለዋል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እባክዎ ይምከሩኝ። ይህ የማወቅ ጉጉቴ በሽታ ነው? እንዴትስ ላጥፋው? ጓደኛዬን ይቅርታ ልጠይቃት ወይስ ነገሩን መቀስቀስ ይሆንብኛል? ለልጄስ ይህንኑ ጠባይ አወረስኩት ይሆን?

ጥያቄዋን የዋጠችው ነኝ።

*

የእኔ እህት፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ ላይ የቀረው ያ ገርበብ ያለ በር ነው። አንቺ ኮሪደሩ ላይ፣ እሱ ውስጥ ከጥላው ጋር። የስልኩን ነገር ባትጽፊው ማንም አያውቅብሽም ነበር፤ ጻፍሽው። እንዲህ ሳትሸፋፍኚ የነገርሽኝን እኔም ሳልሸፋፍን ልመልስልሽ።

በሽታ ነው ወይ ብለሻል። አይደለም፣ በዚህ በኩል ልብሽ ይረፍ። ሮቢን ደንባር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ሰዎች በየቦታው ተሰብስበው ሲጫወቱ ስለ ምን እንደሚያወሩ አዳምጦ መዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ጥናታቸው እንዳሳየው፣ ከጨዋታው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስለ ሰዎችና ስለ ግንኙነታቸው ነበር፤ ማን ምን ሆነ፣ ማን ከማን ጋር ተስማማ፣ እኔስ ምን ገጠመኝ እያሉ። ክፋት ያለበት ሐሜት ከዚያ ውስጥ ጥቂት ነው። ሰው ስለ ሰው ማወቅ ባይፈልግ ኖሮ እርስ በርስ የምንነጋገረው ነገር አብዛኛው ይጠፋ ነበር። አንቺም ልጅሽን የወለድሽ ቀን ከዘመድ ቀድማ የደረሰችልሽ ሴት፣ «እንዴት ሆነች?» ብላ ማወቅ ስለፈለገች ነው የመጣችው።

እንግዲህ ወደዚያ ምሳ ሰዓት ልመለስ፤ እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ጣቷን ባየሽበትና ጥያቄው ከአፍሽ በወጣበት መካከል ምን ያህል ጊዜ ነበር? አንድ ትንፋሽ የሚሞላ አይመስለኝም። ጆርጅ ሎወንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ጉጉት በጻፈው ጽሑፍ፣ ሰው በሚያውቀውና ሊያውቅ በሚፈልገው መካከል ክፍተት ሲያይ ጉድለት ይሰማዋል፣ ያንን ለመሙላትም ይቸኩላል ይላል። ሲያሳክክ እንደማከክ ያለ ነገር ነው። ሁለት ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ክሪስቶፈር ሲ እና ቦወን ሩዋን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያደረጉት ሙከራ ደግሞ ጉልበቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ያሳያል። ለሙከራ የመጡ ሰዎች ተራ እስኪደርሳቸው ሲጠብቁ እስክሪብቶዎች ተቀመጡላቸው፤ አንዳንዶቹ ሲጫኗቸው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣሉ። የትኛው እንደሚነዝርና የትኛው እንደማይነዝር በምልክት ተለይቶ የተነገራቸው ሰዎች የነኩት ጥቂቱን ነው። ያልተነገራቸው ግን የበለጠ ብዙ ተጫኑ። የሚያምም ሊሆን እንደሚችል እያወቁ፣ ከማወቅ በቀር ምንም የሚያገኙት ነገር ሳይኖር ጣታቸውን ሰደዱ።

ይህን የምነግርሽ ላስተባብልልሽ ብዬ አይደለም። ያን ቀን አፍሽን ያስከፈተው ክፋት እንዳልነበረ እንድታውቂ ነው። እንደ እኔ ግን፣ ነገሩን ያበላሸው ጥያቄው ራሱ ሳይሆን የተጠየቀበት ቦታ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አንቺን ጨምሮ አምስት ሰው ጣቷን እያየ ነበር። ብቻዋን አግኝተሻት «ደህና ነሽ?» ብትያት ኖሮ ልትነግርሽም፣ ላትነግርሽም ትችል ነበር፤ ምርጫው የእሷ ይሆን ነበር። «አውልቄው ነው» ማለት መውጫ ያጣ ሰው መልስ ነው። የሚታየውን ነገር ብቻ ተናግራ ተነሳች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ የቀለበቱን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢነግርሽ፣ ከዚያ በኋላ እግርሽ ወዴት ይሄዳል? «ተገላገልኩ» ብለሽ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ ወይስ ወደ እሷ ጥግ ትሄጃለሽ? ነገሩን ለማወቅ መፈለግና እሷን ለማወቅ መፈለግ አንድ ልብ ውስጥ ተደባልቀው ስለሚቀመጡ መለየቱ ያስቸግራል፤ እኔንም ያስቸግረኛል። መልሱ ከተገኘ በኋላ የት መሆን እንደምፈልግ ሳስብ ግን ብዙ ጊዜ ይገለጥልኛል። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አንቺ ወደ ጥጉ የምትሄጂ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የማታው ገጽ ነገርና ያ የበራ ስክሪን ግን ይቁም። በዚህ ላይ ቃሌን አላለሳልስም። እሷ ሳታውቅ ከእሷ የሚወሰድ ነገር ነው፤ ፊትሽ እሳት የሆነውም ለዚህ ነው፣ ያ እሳት ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ አይጠቅምሽም። ግማሹን ማወቅ ሌላውን ግማሽ የማወቅ ጥማት ይጨምራል እንጂ አያበርድም። ፎቶዎቹ ጠፍተው ብታገኚ «መቼ አጠፋቻቸው?» ትያለሽ፤ ካልጠፉ «ለምን አላጠፋቻቸውም?» ትያለሽ። ሰባት ወር ሙሉ አይተሽ አንድ ምሽት እንኳ ጠግበሽ ተኝተሻል? ዛሬውኑ ገጿ እንዳይመጣብሽ አድርጊው። ስልክሽንም ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ አሳድሪው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅሽ እየሄደ ያስቸግርሻል፤ እያደር ይቀላል። ሞክረሽ ሞክረሽ አልቆም ካለሽና እንቅልፍሽን እየነሳሽ ከቀጠለ ብቻ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለሽ ብትነጋገሪ አታፍሪበት።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከእሷ ወገን ሆነሽ እንድታይው እፈልጋለሁ። አንቺ የምታውቂው ታሪክ «በሰው ፊት አሳፈርኳት፣ ተቀየመችኝ፣ ራቀችኝ» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ከምሳው ማግስት ጀምሮ አንቺ ምን አደረግሽ? መጠየቅ አቆምሽ። «እንዴት አደርሽ?» ብለሽ መልሱን ቆመሽ የምትጠብቂው ሴት፣ ዘጠኝ ዓመት የለመደቻት ሴት፣ በአንድ ቀን ጠፋች። እሷ ስለ መሃላሽ አታውቅም። ምናልባት ቀለበቴ ከጣቴ የወለቀ ሰሞን ጓደኛዬም አብራ ወለቀች እያለች ይሆናል። ጠረጴዛዋን ያዛወረችው በሁለተኛው ሳምንት ነው ብለሻል፤ በዚያ አንድ ሳምንት ውስጥ በጎን ተቀምጣ ምን እየጠበቀች እንደነበር ማን ያውቃል?

ይህም የእኔ ግምት ነው። የሰውን ልብ በግምት ማወቅ ደግሞ የምናስበውን ያህል አንችልበትም። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ይህንኑ በ25 ሙከራዎች ፈትሸውታል። «ራስህን በእሱ ቦታ አድርገህ አስብ» የተባለ ሰው የሌላውን ስሜት ወይም ምርጫ በትክክል ማወቅ ላይ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፤ ባልና ሚስት ሳይቀሩ። የረዳው ያኛውን ሰው ጠይቆ መስማት ነበር። አንቺ ሰባት ወር ሙሉ ከጓደኛሽ ጋር በሐሳብሽ ስትነጋገሪ ከርመሻል። እሷ ግን በዚያ ንግግር ውስጥ አልነበረችም።

እዚህ ላይ የራሴን ላካፍልሽ። ታላቅ እህቴ ከብዙ ዓመት በፊት የደረሰ ልጅ በሆዷ ሳለ ሞተባት። ሁላችንም ዝም አልን። ቁስሏን አንንካ ብለን፣ ማክበር መስሎን። እኔማ አጠገቧ ስሆን ወሬ እመርጥ ነበር፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሥራ። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ሰው ዝም በማለቱ የሚጎዳ ሰው ይኖራል ብሎ አያስብም። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ማታ ዕቃ አጥበን እሷ ብርጭቆ ስታደርቅ፣ እኔ ስደረድር፣ ጨርቁን ብርጭቆው ውስጥ እያዞረች «ስም አውጥተንለት ነበር እኮ። አንድ ሰው እንኳ ስሙን አልጠየቀኝም» አለች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። «ማን አላችሁት?» አልኳት። ነገረችኝ። ብርጭቆዎቹ ሳይደረደሩ እኩለ ሌሊት አለፈ። ያችን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ለምን እንደፈጀብኝ እስከ ዛሬ ድረስ እያሰብኩ አዝናለሁ። ስለዚህ «ጉጉቴን እንዴት ላጥፋው?» ስትይኝ እሺ ብዬ መንገዱን ላሳይሽ አልችልም። እንዳይጠፋ ነው የምፈልገው።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ጠይቂያት። ነገሩ እንዳይቀሰቀስ ፈርተሻል፤ ግን የተኛ ነገር የለም፣ ሁለታችሁም በየጥጋችሁ ይዛችሁት ነው የተቀመጣችሁት። ብቻዋን የምትሆንበትን፣ ከፈለገች ደግሞ በቀላሉ መሄድ የምትችልበትን ጊዜ ፈልጊ። ከሥራ ሲወጣ በር ላይ ይሁን፣ ደረጃ ላይ ይሁን፣ ካስፈራሽ በወረቀት ጽፈሽም ይሁን። አሳጥሪው። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «ያን ቀን በሰው ፊት ስለ ቀለበትሽ መጠየቄ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከዚያ በኋላም አፍሬ ራቅኩሽ፤ እሱም ልክ አልነበረም። ምንም እንድትነግሪኝ አልፈልግም። ናፍቀሽኛል።» እዚህ ላይ አቁሚ።

«ግን ምን ሆነሽ ነበር?» የምትል ጭራ እንዳትቀጥዪበት አደራ። በጣም ትመጣብሻለች፤ ምላስሽ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታገኚያታለሽ። ጭራዋ ከተቀጠለች ግን ይቅርታው መግቢያ፣ ጥያቄው ዋናው ነገር ይሆንና ጓደኛሽ ያንኑ የምሳ ጠረጴዛ ታየዋለች። «ሰባት ወር ሙሉ እንዴት እንደተሰቃየሁ ብታውቂ» የሚለውንም ለጊዜው ተዪው፤ እሷ አንቺን ማጽናናት ሊኖርባት ነው። ገጿን ታይ እንደነበር ልንገራት ወይ ብትዪኝ፣ በዚያች የመጀመሪያ ቀን አትንገሪያት። ወደ ቀድሞው ቅርበታችሁ ከተመለሳችሁና ሸክም ከሆነብሽ ያኔ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ምን ልትመልስልሽ ትችላለች? «ምንም አይደለም» ብላ ልትሄድ ትችላለች። ይህ ከሆነ አትከተያት። በማግስቱ ሰላም በያት፤ ግን እንደ ድሮው፣ ቆም ብለሽ መልሱን እየጠበቅሽ። ከሳምንት በኋላ ስለ ሌላ ትንሽ ነገር ጠይቂያት፣ ስለ ሥራዋ ወይም ስለ አዲሱ ቦታዋ። ወይም እዚያው ቆማ ልታለቅስና ሁሉንም ልትነግርሽ ትችላለች፤ ያን ጊዜ የሰማሽውን ለባለቤትሽም ቢሆን አታውሪ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደግሞም ጨርሶ ላትመለስ ትችላለች። ይህን የማልልሽ ቢሆን ደስ ባለኝ። ዘጠኝ ዓመት የኖረ ጓደኝነት ሲያልቅ ያሳዝናል፣ ቢያሳዝንሽ ተገቢ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ይቅርታው በከንቱ አልወጣም።

መሃላሽን ደግሞ ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር አፍርሺው። «ምነው ቤቱ ጭር አለ?» ሲልሽ እኮ እየጠየቀሽ ነው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ምን ብለሽ እንደመለስሽለት አላየሁም። ስለ ውሎው ጠይቂውና ከመልሱ ውስጥ አንዱን ነገር ይዘሽ ሌላ ጠይቂው። «ስብሰባ ነበረን» ካለ፣ «ያ ሁልጊዜ የሚከራከርህ ሰው ዛሬስ ምን አለ?» በይው። ካረን ህዋንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሰዎች በጨዋታ ላይ ጥያቄ የሚያበዛላቸውን ሰው ይበልጥ ይወዱታል፤ በተለይ ከተናገሩት ተነስቶ ተከታይ ጥያቄ የሚጠይቃቸውን። እንዲህ ያለው ጥያቄ እየሰማሁህ ነው የሚል መልእክት አለው። ለዓመታት ያለ ምንም ትምህርት ይህን ስታደርጊው ኖረሻል፤ ቤቱ ጭር ያለው እሱን ስላጣ ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ።

አወረስኩት ወይ ብለሻል። የልጅ ሁሉ ጠባይ ነው። ሚሼል ሹናርድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲነጋገሩ የተቀዳውን ድምፅ መርምራ፣ መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎቻቸው በአማካይ በሰዓት ከ70 በላይ ሆነው አግኝታቸዋለች። ስለዚህ በስንተኛው ላይ እንደደከመሽ ይገባኛል። የደከመች እናት መጮኋ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ልጅሽም መጠየቁን አልተወም፤ አንቺን ትቶ ወደ ጥላው ዞረ እንጂ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ግን ተስፋም ይሰጠኛል፣ ጥያቄው ገና ትኩስ ነውና ለመመለስ አልረፈደብሽም።

ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ ልቤን የነካኝን አንዱን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 ማቲያስ ግሩበርና ባልደረቦቹ አዋቂዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ለሰዎቹ ጥያቄ ያቀርቡላቸውና መልሱ እስኪመጣ ትንሽ ያስጠብቋቸዋል። እየጠበቁ ሳለ ከጥያቄው ጋር ምንም የማይገናኝ የማያውቁት ሰው ፊት ያሳዩአቸዋል። በኋላ ሲፈተኑ፣ በጣም የጓጉለትን መልስ እየጠበቁ ሳለ ያዩትን ፊት የተሻለ አስታወሱት። ልጅሽ «የት ነው የሚተኛው?» ብሎ ቀና ብሎ ሲጠብቅ የሚያየው ፊት የአንቺ ነው።

መጀመሪያ እሱንም ይቅርታ ጠይቂው። ለአምስት ዓመት ልጅ አጭር ይበቃዋል፦ «ያን ቀን ደክሞኝ ነው የጮህኩብህ። ጥያቄህ ግን ጥሩ ነበር። እኔንም ጠይቀኝ።» ሲደክምሽ ደግሞ «አሁን ደክሞኛል፣ ነገ አስታውሰኝ» ብትዪው ይገባዋል፤ ብቻ ነገ ሲያስታውስሽ እዚያ ሁኚ። ከጥያቄዎቹ መካከል ስለ ሰው የሆኑት ይኖራሉ። «ያ ሰውዬ ለምን ያነክሳል?» ብሎ በሕዝብ መካከል ሲጮህ አትቆጪው፤ ዝቅ ብለሽ ጆሮሽን ስጪውና «ስለ ሰው ስትጠይቅ በጆሮዬ ንገረኝ፣ ቤት ስንገባ እናወራለን» በይው። አንቺም አሁን የምትማሪው ይህንኑ ነው፤ አብራችሁ ትማሩታላችሁ።

የጥላው ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው፤ ምን ያህል ግሩም ጥያቄ እንደሆነ ስታውቂ ትገረሚያለሽ። ጥላ ማለት ብርሃን በአንድ ነገር ሲጋረድ ከጀርባው የሚቀረው ጨለማ ነው። ሌሊት የሚሆነውም ምድር ራሷ የፀሐይን ብርሃን ስለምትጋርድብን ነው፤ ማታ ሁላችንም የምድር ጥላ ውስጥ ገብተናል። የጨረቃ ግርዶሽ ሲሆን ደግሞ ይኸው ጥላ እስከ ጨረቃ ድረስ ደርሶ ሲያርፍባት በዓይናችን እናየዋለን። እንግዲህ የልጅሽ ጥላ ማታ የሚገባው ከሁሉም በሚበልጠው ጥላ ውስጥ ነው።

ግን ቶሎ አትንገሪው። ነገ ማታ ኳሱንና አንድ የእጅ ባትሪ ይዘሽ ክፍሉ ግቢ፤ በሩን ዝጊ፣ መብራቱን አጥፊ። ባትሪውን አንቺ ያዢ፣ ኳሱን እሱ ይያዝ። ኳሱ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ አድርጉ፤ ነጥቧ እሱ ናት። ከዚያ ቀስ እያለ ኳሱን እንዲያዞር ንገሪው። ነጥቧ ወደ ጨለማው ወገን ስትገባ «አሁን የት ያለህ ይመስልሃል?» ብለሽ ጠይቂውና ፊቱን እያየሽ ጠብቂ።